በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ ስለ መጣችሁ በኅብረቱ ስም አመሰግናለሁ።

የዓመቱ ሪፖርት በእጃችሁ ነው። አጥሩ ታድሷል፤ ቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ አግኝቷል፤ የውኃው ጉዳይ ገና ነው። ዝርዝሩን ጸሐፊው ያነቡታል። እኔ ስለ ልጆቻችን ተውኔት ልናገር።

የእንጀራ ልጇ አልቀርባት ያለች ሴት መድኃኒት ፍለጋ ሽማግሌ ዘንድ ሄዳ፣ «ከሕያው አንበሳ ሦስት ጠጉር አምጪ» የተባለችበትን ተረት ታውቁታላችሁ። ልጆቻችን ይህንኑ በዘፈን ተጫወቱት። ግጥሙን ራሳቸው ገጠሙ። ሴቲቱ ሥጋ ይዛ ወደ አንበሳው በቀረበች ቁጥር እሷ በትዝታ ቅኝት ታወርዳለች፤ የቀሩት እያጨበጨቡ ይቀበላሉ፤ አንድ እርምጃም ይጠጋሉ። እጇን ወደ አንበሳው ስትዘረጋ ማሲንቆው ቆመ፤ በአዳራሹ የሚያስል እንኳ አልነበረም። ኮርቼባቸዋለሁ።

ዓመቱን ሙሉ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። የእንጀራ እናቷን ሆና ስታጠና የከረመችው ልጅ ትርኢቱ ሲቃረብ ቀረች። «ልጃችንን አዝማሪ ልታደርጓት ነው» ተባልን። ሌሎች ሴቶች ልጆችም ተከተሏት። ወንዶቹን የከለከለ ወላጅ ግን የለም! አንዲት ታናሽ ተማሪ ግጥሙን በጥቂት ቀናት አጥንታ ባትደርስልን ኖሮ ትርኢቱ ቀርቶ ነበር።

አዝማሪ የዚህን አገር ወሬና ታሪክ በማሲንቆው ይዞ የቆየ ባለሙያ ነው። ቅኔ አዋቂው ዮፍታሔ ንጉሤ ትምህርት ቤት እየመሩ ተማሪዎቻቸውን መድረክ ላይ አዘምረዋል። ሴት መድረክ ላይ መታየቷ ነውር በነበረበት ዘመን አባባ ተስፋዬ የሴት ገጸ ባሕርይ ወክለው ይጫወቱ ነበር። ወደዚያ እንመለስ?

ይህን የምለው በተለይ ዛሬ ለቀሩት የልጅቷ ወላጆች ነው፤ ጎረቤቶቻችሁ ናቸውና አድርሱልኝ። ደጃቸው ድረስ ሄጄ ለምኛለሁ። «ትምህርቷን ያስተዋታል» አሉኝ፤ መምህሯ ግን ንባቧ የተሻሻለው ከጥናቱ ወዲህ መሆኑን ነግረዋቸው ነበር። ልጅቷ ትርኢቱን ያየችው ከተመልካች መካከል ተቀምጣ፣ ግጥሙን በከንፈሯ እየተከተለች ነው። ይህ በልጅ ላይ ሊደረግ አይገባም።

ስለዚህ ጉባኤው እንዲወስን የምጠይቀው ይህን ነው፦ ተቃውሞ ያለው ወላጅ ልጁ ቦታ ሳይሰጠው በፊት፣ በመስከረም ይምጣና ይንገረን፤ ጥናቱንም ተቀምጦ ይመልከት። ጥናት ከተጀመረ በኋላ ግን ልጅ ከመድረክ አይነጠቅ። በመጪው ዓመት ተውኔት የአውራጅነቱን ቦታ ለዚያች ልጅ ይዘንላታል፤ ወላጆቿን ደግሜ እለምናለሁ።

ጉባኤው መከፈቱን እገልጻለሁ።