ለሚያስቁን ሰዎች እጃችን ለምን ያጥራል?

(በፊልም ወዳጆች ክበብ የሮማንቲክ ኮሜዲ ወር መክፈቻ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የክበባችን አባላት፣ እንግዶቻችን፣ እንዲሁም «የዚህ ወር ምርጫ ሮማንቲክ ኮሜዲ ነው» ሲባሉ ፊታቸውን አጨማደው የመጡ ወዳጆቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

አስተባባሪዎቹ አጭር ንግግር አዘጋጂ ብለውኛል። ስለ ዘውጉ ታሪክ ትንሽ፣ ስለ ተዋንያኑ ትንሽ፣ ከዚያ ፊልሙ ይጀመራል። እሺ ብያለሁ። ታሪኩንም እነግራችኋለሁ። ግን እውነቱን ለመናገር የመጣሁት ለታሪኩ አይደለም። ሆዴ ውስጥ የከረመ ነገር አለ። እሱን ሳልተነፍስ ከዚህ መድረክ አልወርድም።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። ፊልም ለመምረጥ በተሰበሰብን ቁጥር አንድ ሰው ፈራ ተባ እያለ የፍቅር ኮሜዲ ያነሳል። ወዲያው ከኋላ ወንበር «እሱንማ እቤታችን እናየዋለን» የሚል ድምፅ ይመጣል። ሁላችንም እንስቃለን። ከዚያ ስለ ጦርነት፣ ስለ እስር ቤት ወይም አንድም ቃል ሳይተነፍስ ዝናብ ውስጥ ስለሚራመድ ሰውዬ የተሠራ ፊልም ይመረጣል። ሲያልቅ ግማሾቻችን ከእንቅልፍ እንነቃለን። ግማሾቻችን ደግሞ «ጥልቅ ነው» እንላለን። ስም አልጠራም። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ጋሼ ግን አሁን ለምን እንደሚስቁ እሳቸው ያውቃሉ።

ያንን ጥልቅ ፊልም ሁለተኛ ጊዜ ያየ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ሲከፋን፣ ጉንፋን ሲጥለን፣ ከሰው ተጣልተን ስንገባ የምንከፍተው ያንኑ የናቅነውን ነው። ንግግሩን በቃላችን እናውቀዋለን። መጨረሻውን እናውቀዋለን። እንደገና እናየዋለን። እቤታችን የምንንሰፈሰፍለትን ነገር እዚህ ስንሰበሰብ የምናፍርበት ለምንድን ነው? እኔ ይህ አልገባኝም።

ወደ ታሪኩ ልግባ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ዛሬ የምናየው «ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት» በ1934 የወጣ ነው። ያዘጋጀው ፍራንክ ካፕራ ነው። ዋናዎቹ ተዋንያን ክላርክ ጌብልና ክሎዴት ኮልበርት ናቸው። ከአባቷ ያመለጠች የሀብታም ልጅና ከሥራው የተባረረ ጋዜጠኛ አውቶቡስ ላይ ይገናኛሉ። ይጨቃጨቃሉ። ታሪኩ በቃ ይኸው ነው። ጌብል ይህን ፊልም የሠራው ከሌላ ስቱዲዮ በውሰት ተሰጥቶ ነው። ኮልበርት ደግሞ ይሸለማል ብላ ጭራሽ አላሰበችም። በ1935 ኦስካር በሚሰጥበት ምሽት ወደ ኒው ዮርክ ልትጓዝ ባቡር ጣቢያ ነበረች። አሸንፈሻል ተብላ ከዚያ አመጧት። በመንገደኛ ልብሷ መድረክ ላይ ወጥታ ተቀበለች፤ ከዚያ ወደ ባቡሯ ተመለሰች።

ፊልሙ ምርጥ ፊልም፣ ምርጥ ዳይሬክተር፣ ምርጥ ተዋናይ፣ ምርጥ ተዋናይት፣ ምርጥ የፊልም ጽሑፍ ተብሎ አምስቱንም ጠራርጎ ወሰደ። በኦስካር ታሪክ እነዚህን አምስቱን አንድ ላይ የወሰዱት ሦስት ፊልሞች ብቻ ናቸው። ሁለተኛው በ1975 የወጣ ፊልም ነው። እሱም የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ የሚካሄድ ነው። ሦስተኛው በ1991 የወጣ ነው፤ ሰው የሚበላ ነፍሰ ገዳይ አለበት። እንግዲህ በሩን መጀመሪያ የከፈቱት አውቶቡስ ላይ የሚነታረኩ ሁለት ሰዎች ናቸው። ይህን የሚያነሳ ግን የለም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። «እነዚህ ተዋንያን እኮ ራሳቸውን ነው የሚጫወቱት» ይባላል። ቆንጆ ናቸው፣ ፈገግ ይላሉ፣ ገንዘባቸውን ይቀበላሉ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንት ጊዜ ሰማሁት!

እስቲ ስለ ካትሪን ሄፕበርን ልንገራችሁ። ሴትዮዋ በ1938 «ብሪንጊንግ አፕ ቤቢ» የሚለውን ኮሜዲ ስትሠራ ኦስካር የወሰደች ተዋናይት ነበረች። ልብ አድርጉ፣ ጀማሪ አይደለችም። ግን ቀረጻው ሲጀመር አልሆነላትም። ዳይሬክተሩ ሃዋርድ ሆክስ ችግሩን አየ። ለማሳቅ እየጣረች ነው። ራሷ በምትሠራው ነገር ራሷ ትስቃለች። ተዋናይ ራሱ ከሳቀ ደግሞ ተመልካች ምን ይሥራ? ሆክስ ቢነግራት፣ ቢነግራት አልተስተካከለም። በመጨረሻ በመድረክ ኮሜዲ የበሰለ ዋልተር ካትሌት የሚባል ሰው አምጥቶ እባክህ አሳያት አለው። ካትሌት የእሷን ቦታ ይዞ አንድ ትዕይንት ተጫወተላት። ፊቱ ላይ ፈገግታ የሚባል ነገር የለም። የዓለም ትልቁ ጉዳይ የተያዘበት ሰው ይመስላል። ሄፕበርን ያኔ ገባት። የሚያስቀው ሰው እየቀለደ መሆኑን አያውቅም፤ ጭንቀቱ የእውነት ነው። ወዲያው ይህ ሰውዬ ከዚህ አይሂድብኝ አለች። በፊልሙ ውስጥ ክፍል ተሰጠውና ከእሷ ጋር ተጫወተ።

ይህን ታሪክ የማስረዝመው ወድጄ አይደለም። ድራማ ተጫውታ ኦስካር የወሰደች ሴት ኮሜዲ ለመጫወት አስተማሪ አስፈለጋት ነው የምላችሁ! ቀላል የሚባለው ሥራ ይህ ነው!

በዚያው ፊልም ውስጥ አንድ ትዕይንት አለ። ብዙ ሰው በተሰበሰበበት ምግብ ቤት የሄፕበርን ቀሚስ ከኋላ ይቀደዳል። የቀደደው አብሯት የሚጫወተው ኬሪ ግራንት ነው። እሷ አላወቀችም። ሊነግራት ይሞክራል፣ አትሰማውም። ስታውቅ ትደነግጣለች። ከዚያ ግራንት ከኋላዋ ተለጥፎ፣ እግሩን ከእግሯ ጋር እኩል እያነሳ፣ ሁለቱ እንደ አንድ ሰው እየተራመዱ ይወጣሉ። አንድ እርምጃ ቢዛነፍ ቀልዱ ሞቷል። ድራማ ላይ ተዋናዩ ሲያለቅስ ካሜራው ፊቱ ላይ ይጠጋል፣ ሙዚቃው ያግዘዋል፣ አልቃሻው ቢያንስ ግማሹን በሰው ዕርዳታ ይወጣዋል። እዚህ ግን ሁለት ሰው በአንድ ፍሬም ውስጥ፣ ከራስ እስከ እግር ይታያል። መደበቂያ የለም።

ግራንት ይህንን ከየት አመጣው? በልጅነቱ እንግሊዝ ውስጥ ከአክሮባት ቡድን ጋር ይሠራ ነበር። መገለባበጥ፣ መውደቅ፣ ሳይጎዱ መነሳት ሥራው ነበር። ያ ሙሉ ልብስ ለብሶ እንደዋዛ የሚንቀሳቀሰው ሰውዬ በላብ የተሠራ ነው። ፊልሙ ያኔ ገበያ አልቀናውም። ዛሬ ግን ስለ ኮሜዲ ሲወራ የማይነሳበት ቦታ የለም።

እና ለዚህ ሰው ምን ሰጡት? ለውድድር ኦስካር ሁለት ጊዜ ታጨ። ለየትኞቹ ሥራዎቹ መሰላችሁ? በ1941 እና በ1944 ለሠራቸው ሁለት የሐዘን ፊልሞች። ሌላ ሰው ሊሠራቸው ለማይችል ኮሜዲዎቹ አንድም ጊዜ አልታጨም። አንድም! ያላለቀሰ ሰው አልሠራም ማለት ነው? በመጨረሻ በ1970፣ ፊልም መሥራት ካቆመ በኋላ፣ የክብር ኦስካር ሰጡት። ረስተነህ ነበር፣ ይቅርታ ዓይነት ነገር።

«የድሮ ነገር ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። ወደ ቅርቡ ልምጣ።

ማቲው ማኮናሄ ለዓመታት የፍቅር ኮሜዲ መሪ ሆኖ ዓለምን ሲያስቅ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረው። በቃኝ ብሎ ዘውጉን ለመተው ወሰነ። ራሱ እንደተረከው አንድ ኮሜዲ 14.5 ሚሊዮን ዶላር ቢቀርብለት እንኳ እምቢ አለ። ከዚያ የኤድስ ሕመምተኛ ሆኖ ለመጫወት አጥንቱ እስኪቆጠር ከሳ። በ2014 ኦስካሩን ሰጡት። ሥራው ያስመሰግነዋል፤ ሽልማቱን አልነፍገውም። ግን ያው ሰውዬ ነው እኮ! ያው ድምፅ፣ ያው ዐይን። መክሳቱን ነው ያጨበጨብንለት ወይስ ችሎታውን?

ጁልያ ሮበርትስ በ1990 «ፕሪቲ ውመን» ላይ ስትስቅ ዓለም አብሯት ሳቀ። ታጭታ ነበር፣ አልሰጧትም። የሰጧት ውኃ የበከለ ኩባንያ የምትፋለም ሴት ሆና ስትጫወት ነው። የሕንዱ ሻህሩክ ካን በ1995 ተዋናይቷን ካጆልን እጇን ስቦ ባቡር ላይ ያሳፈረበትን ፊልም ሙምባይ ውስጥ አንድ ሲኒማ ቤት ለአሥርት ዓመታት ሲያሳየው ኖሯል። የአገሩን ብሔራዊ የምርጥ ተዋናይ ሽልማት ያገኘው ግን በ2025 ነው፤ ያውም ተኩስና ድብድብ ለሞላበት ፊልም። ሜግ ራያንስ? አንድ ትውልድ ፍቅር ማለት የእሷ ፊት ይመስለው ነበር። ለኦስካር ታጭታ አታውቅም። የዝነኛ ፊልሞቿን ንግግር የጻፈችላት ኖራ ኤፍሮን ሦስት ጊዜ ታጨች፤ ሦስቱንም ጊዜ ባዶ እጇን ወጣች።

አንዳንዴ ተሳክቶላቸዋል፣ አውቃለሁ። ዳያን ኪተን በ1977፣ ሼር በ1987 በወጣ የፍቅር ኮሜዲ ኦስካር አሸንፈዋል። ጋሼ አፋቸውን ሳይከፍቱ በፊት እኔው ልበለው። ግን ጣት እየቆጠርን የምንጠራቸው መሆናቸው በራሱ አይናገርም?

ሲያስለቅሰን የኖረውን ሰው ቆመን እናጨበጭብለታለን። ሲያስቀን የኖረውን «ጎበዝ ነው፣ ግን...» እንለዋለን። እኔ ያቺ «ግን» ናት ያንገሸገሸችኝ!

አስተባባሪዎቹ ሰዓት እያሳዩኝ ነው። ስለ ሁለቱ መሪ ተዋንያን ጥምረትም ተናገሪ ብለውኝ ነበር፤ ቶሎ ቶሎ ልበለው።

በዚህ ዘውግ ብቻውን ጎበዝ የሚሆን ሰው የለም። የምንወደው እሱን ወይም እሷን አይደለም፤ በሁለቱ መሃል ያለውን ነገር ነው። እሱ ሲናገር እሷ እንዴት እንደምትሰማው ተመልከቱ። ጥሩ መሪ ተዋናይ ሲሰማ ያምራል። በ1953 «ሮማን ሆሊዴይ» ላይ ግሪጎሪ ፔክ ትልቅ ስም ነበረው፤ ኦድሪ ሄፕበርንን ግን የሚያውቃት አልነበረም። ውሸታምን ይነክሳል የተባለ የድንጋይ አፍ ውስጥ እጁን ያስገባል። ሲያወጣው እጁ የለም፤ እጅጌው ውስጥ ደብቆታል። እንደሚያደርገው ስላልተነገራት የጮኸችው ጩኸት የእውነት ነው። ይኸው ሰው የእሷ ስም ከእሱ እኩል ከፊልሙ ርዕስ በላይ ይጻፍ ብሎ ጠየቀ። እሷም በዚያው ፊልም ኦስካር ወሰደች። ለሌላው ቦታ መልቀቅ እንዲህ ነው።

መጥፎ የፍቅር ኮሜዲዎችም አሉ። አልክድም። እምቢ ያለችውን ሴት እስክትሰለች መከተልን ፍቅር አስመስለው የሚሸጡ አሉ። መነጽሯን ስታወልቅ በድንገት ቆንጆ የምትሆነዋም ሰልችታኛለች። ግን መጥፎ የጦርነት ፊልም ሲወጣ ጦርነት ፊልም በሙሉ አይረባም የሚል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ገበያ የለውም የሚለውንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ልለፈው። በ2002 ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር በፈጀ ወጪ የተሠራው «ማይ ቢግ ፋት ግሪክ ዌዲንግ» በዓለም ከ350 ሚሊዮን በላይ አስገብቷል። ዝም ብዬ ልለፍ።

ለዛሬው ፊልም አንድ ነገር ብቻ አደራ ልበላችሁ። ፖሊስ መሳይ ሰዎች በር ሲያንኳኩ ጌብልና ኮልበርት ባልና ሚስት መስለው መጨቃጨቅ የሚጀምሩበት ቦታ አለ። ከዚያ ቅጽበት በፊት የማይተማመኑ ሁለት ባዕዶች ናቸው። ጠቡን እየተወኑ ሳለ ግን መዋደድ ይጀምራሉ፤ እነሱ ራሳቸው አላወቁም፣ እኛ እናያለን። አንድም ሰው «እወድሻለሁ» አላለም።

ይህን ማንም ይሠራዋል የሚል አባል ካለ፣ የዚያን ትዕይንት ንግግር በአማርኛ ጽፌ አምጥቻለሁ። ሁለት ሰው ይበቃል። ከፊልሙ በኋላ እዚህ መድረክ ላይ ይጫወትልን። ፈቃደኛ ከጠፋ ፊት ወንበር እጀምራለሁ፤ ጋሼ፣ ይዘጋጁ።

አመሰግናለሁ።