ከሽልማቱ ጀርባ ያለው ሒሳብ፦ የታዋቂ ፖከር ተጫዋቾች ሕይወትና ሙያ

[ምስል፦ በጠረጴዛ ላይ የተደረደሩ ቺፖች፤ የሽልማት መጠኖች በየተራ ይታያሉ]

ተራኪ፦ እ.ኤ.አ. በ2017 በገንዘብ ውርርድ የሚካሄደው የካርታ ጨዋታ፣ የፖከር ተጫዋች የሆነው ካናዳዊው ዳንኤል ነግሬያኑ ከተወዳደረባቸው ጨዋታዎች ወደ 2.8 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ሽልማት ሰበሰበ። ዓመቱ ሲያልቅ ሒሳቡን ራሱ ለሕዝብ ይፋ ሲያደርግ ግን ለመመዝገቢያ የከፈለው ገንዘብ ከሽልማቱ በልጦ ተገኘ፤ ዓመቱን የዘጋውም በ86 ሺህ ዶላር ገደማ ኪሳራ ነበር። የጉዞና የሆቴል ወጪው በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም።

የፖከር ውድድሮችን ውጤት የሚመዘግቡ ድረ ገጾች አሉ፤ መገናኛ ብዙኃንም የባለ ብዙ ገቢ ተጫዋቾችን ዝርዝር የሚያወጡት ከእነርሱ እየወሰዱ ነው። እነዚህ ዝርዝሮች የሚደምሩት ሽልማትን ብቻ በመሆኑ ተጫዋቹ ለመመዝገቢያ የከፈለውን፣ ለደጋፊዎቹ ያካፈለውን፣ ለግብር ያወጣውን፣ ካሜራ በሌለባቸው ጠረጴዛዎች ላይ ያገኘውን ወይም ያጣውን አይነግሩንም። ስለዚህ በዚህ ቪዲዮ የታወቁትን ተጫዋቾች የምንከተላቸው ካሸነፉት ይልቅ በእጃቸው የቀረውን እየተመለከትን ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ፖከር እንዴት መተዳደሪያ ሊሆን እንደሚችል መረዳት ይገባል። በሩሌት ወይም በዳይስ ተጫዋቹ የሚገጥመው ካሲኖውን ነው፤ ስሌቱም ምንጊዜም ወደ ካሲኖው ያደላል። በፖከር ግን ተጫዋቾቹ የሚፋለሙት እርስ በርሳቸው ሲሆን፣ ካሲኖው ከየጨዋታው ጥቂት ኮሚሽን ቆርጦ ወይም በሰዓት አስከፍሎ ዳር ይቆማል። በመሆኑም ከተፎካካሪዎቹ የተሻለ የሚወስን ሰው በረጅም ጊዜ አትራፊ መሆን ይችላል። ችግሩ ይህ ጊዜ ብዙ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን የሚጠይቅ መሆኑ ነው። በአንድ ምሽት ወይም በአንድ ውድድር ላይ ዕድል ችሎታን በቀላሉ ይሸፍነዋል፤ በትልልቅ ውድድሮችም ሽልማት የሚደርሳቸው ከመቶ ተመዝጋቢዎች አሥራ አምስት ያህሉ ብቻ ሲሆኑ፣ ከገንዘቡ አብዛኛውን የሚወስዱት ደግሞ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ጎበዝ ተጫዋችም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጁን ይወጣል ማለት ነው።

[ምስል፦ የቴክሳስ ካርታ፤ በከተሞች መካከል የሚጓዝ መስመር]

ተራኪ፦ ይህን ሙያ በጉልህ ካስተዋወቁት ሰዎች መካከል ዶይል ብራንሰን ግንባር ቀደም ነው። በ1933 ሎንግዎርዝ በምትባል የቴክሳስ መንደር የተወለደው ብራንሰን ስሙ ይነሳ የነበረው በቅርጫት ኳስ ነበር፤ ያኔ መቀመጫውን በሚኒያፖሊስ ያደረገው የሌከርስ ቡድን ዓይኑን ጥሎበት ሳለ፣ በጊዜያዊ ሥራ ላይ እያለ ከባድ ጭነት እግሩ ላይ ወድቆ ሰበረውና የስፖርት ተስፋው በዚያው አበቃ። በትምህርት አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ይዞ የቢሮ ማሽኖች ሻጭ ሆኖ ቢቀጠርም፣ ብዙም ሳይቆይ በአንድ የፖከር ጨዋታ ከወር ደመወዙ የሚበልጥ ገንዘብ ስላገኘ ሥራውን ተወ።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በቴክሳስ ገንዘብ አስይዞ ፖከር መጫወት ሕገ ወጥ ነበር። ብራንሰን አማሪሎ ስሊም እና ሴይለር ሮበርትስ በሚባሉ ቅጽል ስሞች ከሚታወቁ ሁለት ጓደኞቹ ጋር ገንዘባቸውን በአንድ ቋት አድርገው ከከተማ ወደ ከተማ እየተጓዙ ይጫወቱ ነበር። የዚያ ዘመን ተጫዋች ካርታውን ብቻ ማወቁ አይበቃውም፤ ካሸነፈ በኋላ ከፖሊስም ከዘራፊም ተርፎ ከከተማው መውጣት ነበረበት። ሦስቱ ሸሪኮች ወደ ላስ ቬጋስ ባደረጉት ጉዞ ለዓመታት ያጠራቀሙትን የጋራ ገንዘብ ተበሉና ሽርክናቸው ፈረሰ። የሚገርመው ሦስቱም በየተራ የዓለም ሻምፒዮን መሆናቸው ነው፤ ስሊም በ1972፣ ሮበርትስ በ1975፣ ብራንሰን በ1976 እና በ1977።

የተጠቀሰው ሻምፒዮና ወርልድ ሲሪስ ኦፍ ፖከር ይባላል። ቤኒ ቢኒየን የተባለ የካሲኖ ባለቤት በ1970 ጥቂት የታወቁ ተጫዋቾችን ላስ ቬጋስ በሚገኘው ሆርስሹ ካሲኖው ሰብስቦ የጀመረው ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሻምፒዮን ጆኒ ሞስ የተመረጠው በተጫዋቾቹ ድምፅ ነበር። ከ1971 ጀምሮ ግን አሸናፊ የሚሆነው የሌሎቹን ቺፖች (በገንዘብ ምትክ የሚያዙትን ክብ ምልክቶች) በሙሉ ጠቅልሎ ብቻውን የቀረው ሰው ሆነ።

ብራንሰን በ1978 የሙያውን ምሥጢሮች የሚገልጥ መጽሐፍ አሳተመ። እስከዚያ ድረስ ጎበዞቹ ብቻ ያውቁት የነበረው ስልት ለማንም አንባቢ ተደራሽ ሆነ፤ ደራሲውም ተፎካካሪዎቹን በገዛ እጁ እንዳሠለጠነና ይህም ዋጋ እንዳስከፈለው ከጊዜ በኋላ ተናግሯል። ከጠረጴዛ ውጭ ያለው የገንዘብ ታሪኩ ግን የተለየ ነው። በጎልፍ ውርርድና በማያዋጡ ንግዶች ብዙ አጥቷል፤ የኖኅን መርከብ ለማግኘት ለተደረገ ፍለጋ ሳይቀር ገንዘብ አውጥቷል። እንዲያም ሆኖ ሰማንያ ዓመት ካለፈው በኋላም ከፍተኛ ገንዘብ በሚያዝባቸው ጠረጴዛዎች ላይ ይታይ ነበር። በ2023 በ89 ዓመቱ ሲያርፍ ከወርልድ ሲሪስ ያገኛቸው የአሸናፊ አምባሮች 10 ነበሩ።

[ምስል፦ የ1980 የፍጻሜ ጨዋታ፤ ሁለት ተጫዋቾች ፊት ለፊት]

ተራኪ፦ በ1980 የፍጻሜ ጨዋታ ብራንሰንን ያሸነፈው ልጅ መሳይ ወጣት ስቱ አንጋር ይባላል። በ1953 በኒው ዮርክ ተወለደ፤ አባቱ የመጠጥ ቤት ባለቤትና የውርርድ አጫዋች ስለነበር ልጁ ከቁማር ጋር የተዋወቀው ገና በሕፃንነቱ ነው። ዝናውን ያተረፈው ግን በፖከር ሳይሆን ጂን በተባለው የካርታ ጨዋታ ሲሆን፣ በዚያ ጨዋታ ያሳየው ብልጫ እጅግ የሰፋ ከመሆኑ የተነሳ ሊገጥመው የሚደፍር እየጠፋ ሄደ። ወደ ፖከር የገፋውም ይኸው የተፎካካሪ ማጣት ነው። የማስታወስ ችሎታውን በተመለከተ ደጋግሞ የሚነገር ታሪክ አለ፤ ቦብ ስቱፓክ ከሚባል የካሲኖ ባለሀብት ጋር መቶ ሺህ ዶላር ተወራርዶ፣ ስድስት ጥቅል ካርታ በአንድ ላይ ከተበወዘ በኋላ ግማሹ ሲወጣ አይቶ ቀሪዎቹ 156 ካርታዎች ምን ምን እንደሆኑ በመናገር እንዳሸነፈ ይወሳል።

አንጋር በ1980 እና በ1981 በተከታታይ ሻምፒዮን ሆነ። በፖከር ያገኘውን ገንዘብ ግን በፈረስ እሽቅድምድምና በስፖርት ውርርድ አንድም ሳያስቀር ያጠፋው ነበር፤ በዚያ ላይ የኮኬይን ሱሰኛ ሆነ። በ1990 ውድድር ላይ ብዙ ቺፕ ይዞ እየመራ ሳለ በሦስተኛው ቀን በሆቴል ክፍሉ ራሱን ስቶ ተገኘ። በሕጉ መሠረት ቺፖቹ በሌለበት በየዙሩ ጥቂት ጥቂት እየተቀነሱ ቀጠሉ፤ ክምሩ ትልቅ ስለነበር ወንበሩ ባዶ ሆኖ ሳለ ዘጠነኛ ወጥቶ 25 ሺህ ዶላር አገኘ።

በ1997 መመዝገቢያ የሚሆነው 10 ሺህ ዶላር እንኳ አልነበረውም፤ የከፈለለት ቢሊ ባክስተር የተባለ ተጫዋች ነበር። በአደንዛዥ ዕፅ የተጎዳ አፍንጫውን ለመሸፈን ክብ ሰማያዊ መነጽር አድርጎ የቀረበው አንጋር ለሦስተኛ ጊዜ አሸነፈ፤ የአንድ ሚሊዮን ዶላሩን ሽልማትም ከባክስተር ጋር እኩል ተካፈሉ። በጥቂት ወራት ውስጥ ድርሻው አለቀ። በኅዳር 1998 በላስ ቬጋስ በሚገኝ ርካሽ ሞቴል ውስጥ በ45 ዓመቱ ሞቶ ተገኘ። የቀብሩ ወጪ የተሸፈነው በመዋጮ ነበር። የአንጋርን ሕይወት የፖከር አሳዛኝ ታሪክ አድርጎ መተረክ የተለመደ ቢሆንም፣ በእኔ አመለካከት ይህ አተራረክ ልክ አይደለም፤ ፖከር ገንዘብ ያስገኘለት ሥራ ሲሆን፣ ያከሰሩት ምንም ብልጫ ያልነበረው ሌሎች ውርርዶች ናቸው።

ባክስተር ያደረገው ነገር በሙያው ውስጥ እጅግ የተለመደ አሠራር ነው። ብዙ ታዋቂ ተጫዋቾች በትልልቅ ውድድሮች ላይ ሲቀርቡ መመዝገቢያውን በሙሉ ከኪሳቸው አይከፍሉም፤ የተወሰነውን ድርሻ ለሌሎች ተጫዋቾችና ባለሀብቶች ይሸጣሉ። አንዳንዱ ደግሞ ሙሉ በሙሉ በደጋፊ ገንዘብ ይጫወታል፤ በዚህ ስምምነት የቀደመው ኪሳራ ሳይካካስ ትርፍ መካፈል ስለማይቻል፣ በቴሌቪዥን ትልቅ ሽልማት ሲቀበል የምናየው ሰው ዕዳውን ብቻ ከፍሎ ሊሄድ ይችላል።

[ምስል፦ የኮምፒውተር ስክሪን፤ ቀጥሎ በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ የተተከለች ትንሽ ካሜራ]

ተራኪ፦ ሙያውን ከጥቂቶች እጅ አውጥቶ ለብዙዎች የከፈተው ዓመት 2003 ነው። የቴነሲው የሒሳብ ሠራተኛ ክሪስ መኒሜከር በኢንተርኔት በ86 ዶላር ማጣሪያ ጀምሮ የወርልድ ሲሪስን የ10 ሺህ ዶላር ቦታ አሸነፈ። ከዚያ በፊት በአካል በተደረገ ትልቅ ውድድር ላይ ተቀምጦ አያውቅም ነበር፤ ሆኖም 839 ተወዳዳሪዎች ከተሳተፉበት ውድድር አሸናፊ ሆኖ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸለመ። ከድርሻው የተወሰነውን አስቀድሞ ለአባቱና ለጓደኛው ሸጦ ስለነበር እርሱም ገንዘቡን በሙሉ አልወሰደም።

ድሉ ይህን ያህል የተሰማው ተመልካቹ የተጫዋቾቹን የተሸፈኑ ካርታዎች በቴሌቪዥን ማየት በመቻሉ ጭምር ነው። ይህን የሚያስችለውን የጠረጴዛ ካሜራ የፈጠረው ሄንሪ ኦረንስታይን ነበር፤ በፖላንድ የተወለደ፣ ከናዚ ማጎሪያ ካምፖች የተረፈና በአሻንጉሊት ንግድ የበለጸገ ሰው። ከካሜራው በፊት በቴሌቪዥን የሚታይ ፖከር ዝም ብለው የተቀመጡ ሰዎችን ከማየት ብዙም አይለይም ነበር፤ ከካሜራው በኋላ ግን ተመልካቹ ማን እያስመሰለ እንደሆነ ከተጫዋቾቹ ቀድሞ ያውቃል። የተወዳዳሪዎቹ ቁጥር በ2004 ወደ 2,576፣ በ2006 ደግሞ ወደ 8,773 አሻቀበ።

ይህ ዕድገት በኢንተርኔት ጨዋታ ላይ የቆመ ስለነበር ሚያዝያ 15 ቀን 2011 የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ ትልልቆቹን ድረ ገጾች ሲዘጋ ሙያው ክፉኛ ተናጋ። ከሁሉ የከፋው ከተዘጉት አንዱ በሆነው ፉል ቲልት በተባለው ድረ ገጽ ላይ የታየው ነው፤ ዐቃቤ ሕግ እንዳቀረበው ክስ ድርጅቱ ለተጫዋቾች 390 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ እያለበት በባንክ የነበረው 60 ሚሊዮን ዶላር ያህል ብቻ ነበር። የድርጅቱ መታወቂያ ፊት ከነበሩት አንዱ ፊል አይቪ፣ ደንበኞች ገንዘባቸው ሳይመለስላቸው መወዳደር ተገቢ እንዳልሆነ ገልጾ ከዚያ ዓመት ወርልድ ሲሪስ ራሱን አገለለ።

አይቪ ብዙዎች የትውልዱ ምርጥ የሚሉት ተጫዋች ነው። ዕድሜው ሳይፈቅድለት በሌላ ሰው መታወቂያ በአትላንቲክ ሲቲ ካሲኖዎች መጫወት የጀመረ ሲሆን፣ በ2006 ከቴክሳሱ የባንክ ባለቤት አንዲ ቢል ጋር ፊት ለፊት ተጫውቶ በሦስት ቀናት ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሸንፏል። ይህ ድል የውድድር ውጤት ስላልሆነ በየትኛውም የሽልማት ዝርዝር ውስጥ አይገኝም። በ2012 ደግሞ ለንደን ውስጥ ፑንቶ ባንኮ በተባለ የካርታ ጨዋታ 7.7 ሚሊዮን ፓውንድ አሸነፈ፤ በካርታዎቹ ጀርባ ላይ ያሉ ጥቃቅን የኅትመት ልዩነቶችን ተጠቅሞ ስለነበር ግን ካሲኖው አልከፍልም አለ። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 ለካሲኖው ፈረደ፤ ውሳኔው በእንግሊዝ ሕግ ሐቀኝነት ማጉደል የሚመዘንበትን መስፈርት ስለቀየረ የአይቪን ስም የሕግ ተማሪዎችም ያጠኑታል።

ካለፉት አሥር ዓመታት ወዲህ ሙያውን በጣም የለወጠው ግን ኮምፒውተር ነው። በ2017 የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት ሊብራተስ የተባለ ፕሮግራም አራት ባለሙያዎችን በ120 ሺህ እጅ (ካርታ ታድሎ አሸናፊው እስኪለይ ያለው ዙር አንድ እጅ ይባላል) ጨዋታ አሸነፈ። ዛሬ ወጣት ተጫዋቾች ከጠረጴዛው ይልቅ ብዙ ሰዓት የሚያሳልፉት ለየሁኔታው የተሻለውን ውሳኔ በሚያሰሉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ፊት ነው፤ ሰውን በማንበብ ችሎታው የታወቀው ነግሬያኑም ዳግ ፖልክ ከተባለ ተጫዋች ጋር ባደረገውና በ2021 ባበቃው የ25 ሺህ እጅ ፍልሚያ 1.2 ሚሊዮን ዶላር ያህል የተበላው ለወራት በእነዚሁ ፕሮግራሞች ካጠና በኋላ ነበር።

ብልጫው በጠበበ ቁጥር መውጫውን የሚያስሉም አሉ። የየል የሕግ ትምህርት ቤት ምሩቅ ቫኔሳ ሴልብስት ሦስት የወርልድ ሲሪስ አምባሮችና ወደ 12 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የውድድር ሽልማት ካስመዘገበች በኋላ፣ በ2018 መባቻ ላይ ሙያውን ትታ ብሪጅዎተር በተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት መቀጠሯን አስታወቀች። የፋይናንስ ድርጅቶች ለፖከር ያላቸው ፍላጎት ከእርሷ በፊትም የነበረ ነው፤ ሳስኩዌሃና የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ለረጅም ዓመታት አዳዲስ የአክሲዮን ገበያ ሠራተኞቹን ሲያሠለጥን ፖከር የሚያስጫውታቸው፣ ባልተሟላ መረጃ ላይ ተመሥርቶ ምን ያህል ገንዘብ ማስያዝ እንደሚገባ መወሰንን በዚያ ስለሚማሩ ነው።