ሞቅ ያለ ውሃ የሚቆመው የት ነው?

ሊያ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ! ዛሬ ፎረስት ፌን የደበቀውን ሣጥን ፍንጮች አንድ በአንድ እናያለን ብለናል። ታዴ፣ ዘጠኙንም ይዘሃል?

ታደሰ፦ ይዣለሁ። ግን መጀመሪያ ስለ ሰውየው ላውራ፣ ቁልፉ እሱ ጋር ነው። ፌን ቬትናም የተዋጋ አብራሪ ነበር። ከዚያ ሳንታ ፌ፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ሥዕልና ጥንታዊ ዕቃ እየሸጠ ሀብታም ሆነ። በፈረንጆቹ 1988 ካንሰር ያዘው። ያኔ ነው አንድ የነሐስ ሣጥን ወርቅ ሞልቼ የምወደው ቦታ እሄዳለሁ፣ እዚያው አጠገቡ እሞታለሁ ብሎ ያሰበው።

ሊያ፦ ውይ!

ታደሰ፦ ዳነ! ሐሳቡ ግን አልለቀቀውም። ሰማንያ ዓመት ሲጠጋው ሣጥኑን ሮኪ ተራሮች ውስጥ ደበቀና በ2010 ግጥም አሳተመ። 24 መስመር ነው። ዘጠኝ ፍንጭ አለው፣ ያገኘ ይውሰደው አለ።

ሊያ፦ ሮኪ ማለት እኮ እዚህ ከኛ ከዴንቨር ይታያል።

ታደሰ፦ ለዚያ ነው እንቅልፍ የነሳኝ! ኮሎራዶም፣ ኒው ሜክሲኮም፣ ዋዮሚንግም፣ ሞንታናም ሊሆን ይችል ነበር። መነሻው «ሞቅ ያለ ውሃ ከሚቆምበት ጀምር» ነው። አንዱ ፍል ውሃ ነው ይላል፣ ሌላው ግድብ ነው፣ ሌላው ደግሞ ሙቅ ወንዝ ከቀዝቃዛ የሚገናኝበት። ልክ እንደ አያቴ ጥላ።

ሊያ፦ የምን ጥላ?

ታደሰ፦ አልነገርኩሽም? አያቴ ጣሊያን ሲመጣ ጠገራ ብሩን በእንስራ ቀብሯል ይባላል። የት እንደሆነ ለማንም አልተናገረም። «ጥላው የደረሰበት ድረስ የእኛ ነው» ይል ነበር አሉ። አጎቴ ያቺን ይዞ የዋርካውን ጥላ እየተከተለ ጓሮውን በሙሉ ቆፈረው።

ሊያ፦ በስንት ሰዓት?

ታደሰ፦ ምኑ?

ሊያ፦ ጥላው! ጠዋት ወደ ምዕራብ ነው፣ ማታ ወደ ምሥራቅ።

ታደሰ፦ እኮ! በበጋና በክረምትም ይለያያል። ዋርካውም ከዚያ ወዲህ አድጓል። አክስቴ ደግሞ ወፍጮው ሥር ነው ትላለች። በየዓመቱ ፋሲካ ላይ ይጨቃጨቃሉ።

ሊያ፦ ቆይ፣ አያትህ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ? ሰው የማይደርስበት ቦታ አልነበራቸውም?

ታደሰ፦ ቀፎ ነበረው። ንቡ ኃይለኛ ስለሆነ ማንም አይጠጋም ነበር።

ሊያ፦ በቃ፣ እዚያ ነዋ!

ታደሰ፦ አጎቴ አይሰማም። ጥላ ተብሏል፣ ጥላ ነው ይላል። ይኸውልሽ፣ የፌን ፈላጊዎችም እንዲሁ ናቸው። የግጥሙን ቃላት ሲሰነጥቁ፣ ፊደል ሲቆጥሩ፣ ካርታ ላይ መስመር ሲያሰምሩ ዓመታት ሄዱ። ያገኘው ግን አንድ የሕክምና ተማሪ ነው፣ በ2020። ይህ ሰው መሞት የፈለገው የት ነው ብሎ ጠየቀ። ፌን የተናገረውን እየሰማ ሰውየውን አጠና። ለኔ ጉዳዩ ይኸው ነው።

ሊያ፦ እኔ ግን ግጥሙ ሰምና ወርቅ ይመስለኛል። ያለ ቅኔ ማን ይፈታዋል?

ታደሰ፦ አይደለም! ብዙ ከማሰብ የተነሳ ነው የጠፉት። ሰማንያ ዓመት የሆነው ሽማግሌ፣ ሣጥኑ ከነወርቁ 19 ኪሎ አካባቢ፣ ከመኪናው ሁለቴ ተመላልሶ በአንድ ከሰዓት ደበቀው። ገደል ይወጣል? ወንዝ ይዋኛል?

ሊያ፦ እኮ፣ ሰዎች ግን ገደል ወጡ። ቢያንስ አምስት ሰው ሞቷል። የኒው ሜክሲኮ ፖሊስ አዛዥ በ2017 ይቁም ብሎ ለምኖታል። ለምን አላቆመውም?

ታደሰ፦ አደገኛ ቦታ አይደለም፣ ሽማግሌ የማይደርስበት አትሂዱ ብሏል እኮ።

ሊያ፦ ማለቱ በቂ ነው?

ታደሰ፦ … ለሟች ቤተሰብ በቂ አይደለም። እሺ። ግን ያን ያህል ሰው ከቤቱ አውጥቶ ተራራ ያሳየ ሰው ነው፣ ያንንም መካድ አልችልም።

ሊያ፦ እኔ አልተስማማሁም፣ እንለፈው። የመቃብሩንስ?

ታደሰ፦ አዎ! የሎውስቶን ፓርክ ውስጥ የቆየ መቃብር ቆፍሮ ስድስት ወር የተፈረደበት ፈላጊ አለ። ፌን ቀበርኩት ሳይሆን ደበቅኩት ነው ያለው፤ ሰውየው መቃብር ይቆፍራል!

ሊያ፦ አጎትህን ንገረው።

ታደሰ፦ ነግሬዋለሁ! ጥላ ይላል።

ሊያ፦ በስንት ሰዓት?! እሺ፣ ቦታውስ የት ሆነ?

ታደሰ፦ ዋዮሚንግ መሆኑን ፌን ራሱ አረጋገጠ፣ ብዙም ሳይቆይ በመስከረም 2020 በ90 ዓመቱ ሞተ። ያገኘው ልጅ ግን ትክክለኛውን ቦታ አልናገርም አለ፣ ቱሪስት እንዳያበላሸው።

ሊያ፦ ልክ ነው።

ታደሰ፦ ልክ አይደለም! አሥር ዓመት የለፋ ሰው መልሱን ማወቅ አለበት። ሲሞቱም፣ ሲፋቱም የነበሩ ሰዎች ናቸው እኮ።

ሊያ፦ ቦታው ግን ይረገጣል ታዴ፣ በአንድ ክረምት ያልቃል።

ታደሰ፦ እሱን አላሰብኩትም ነበር፣ ግን አሁንም ይቆጨኛል። ወርቁ ራሱ በ2022 ጨረታ ወጥቶ ወደ 1.3 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። እኔ ግን አንድም ሳንቲም አላስፈልግም፣ ያቺን ውሃ ብቻ አሳዩኝ።

ሊያ፦ ሰዓታችን አልቋል። ስንት ፍንጭ ሠራን?

ታደሰ፦ አንዱን።

ሊያ፦ ስምንቱን ለሚቀጥለው ሳምንት። ካርታ ይዘህ ና።

ታደሰ፦ ሁለተኛውን ብቻ ልበል፣ ወደ ሸለቆው ውረድ ይላል፣ ስለዚህ ከወንዙ…

ሊያ፦ በሚቀጥለው ሳምንት!