ወደውና ፈቅደው ዜጋ ለሆኑት፦ በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን እንግዶቻችን፣ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከኋላ ተቀምጣችሁ ስልካችሁን የምትነካኩ ልጆቻችንም ጭምር፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ።

እኛ በአሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ጉባኤያችንን በመስከረም ያደረግነው ለእንቁጣጣሽ ብለን ብቻ አይደለም። ሴፕቴምበር 17 በአሜሪካ የሕገ መንግሥትና የዜግነት ቀን ነው። ሕገ መንግሥቱ በ1787 የተፈረመው በዚያ ቀን ነው። ከዘመን መለወጫችን ሳምንት እንኳ አይርቅም። በዚያ ሰሞን በየከተማው የዜግነት ቃለ መሐላ ይደረጋል። ኮሚቴያችንም ዘንድሮ ቃለ መሐላ የፈጸሙ አባሎቻችንን፣ ከነሱም በፊት ዜጋ የሆኑትን እናክብር ብሎ ወሰነ። ምሳው ትንሽ ከዘገየ ታገሱኝ።

እንዲህ ያለ ንግግር የተለመደ አካሄድ አለው። ተናጋሪው ታላላቅ ስሞችን ይደረድራል። አልበርት አንስታይን በ1940 ትሬንተን ከተማ ቃለ መሐላ ፈጽሞ አሜሪካዊ ሆነ ይላል። ማድሊን ኦልብራይት ፕራግ ተወልዳ፣ በልጅነቷ ተሰዳ መጥታ፣ በ1957 ዜግነት አገኘች፤ በ1997 የመጀመሪያዋ ሴት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነች ይላል። ወደ እኛ ጠጋ ሲል ወሎንኮሚ የተወለዱትን ፕሮፌሰር ገቢሳ ኢጄታን ያነሳል። ድርቅንና አቀንጭራ የሚባለውን አረም የሚቋቋም ማሽላ አውጥተው በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን፣ በ2023 ደግሞ የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳልያ የተቀበሉ ሰው ናቸው። አስመራ ተወልዶ ሳንዲዬጎ ያደገውን መብ ክፍለእዝጊንም አይረሳም። መብ በ1998 ዜጋ ሆነ። በ2014 የቦስተንን ማራቶን ሲያሸንፍ፣ ከዓመት በፊት በዚያው ውድድር ላይ በደረሰው የቦምብ ጥቃት ሳቢያ የሞቱትን ሰዎች ስም የደረት ቁጥሩ ላይ ጽፎ ነበር የሮጠው። ከ1983 ወዲህ ያን ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ወንድ እሱ ነው።

ሁሉም እውነት ነው። ሁሉም ያኮራል። ግን ዝርዝሩ ብቻውን ሲቆም ቅር ይለኛል። ሜዳልያ ያላገኘው ሰው ምን ሊባል ነው? ሌሊቱን ሙሉ የአየር ማረፊያ ፓርኪንግ ውስጥ የሚያድረው ወንድማችን፣ ከአንዱ ነርሲንግ ሆም ወደ ሌላው ደብል የምትሠራው እህታችን፣ ስማቸው ጋዜጣ ላይ ስላልወጣ አስተዋጽኦ የላቸውም? ደግሞም አስተዋጽኦ እዚህ ለመቀመጥ በየወሩ የምንከፍለው የቤት ኪራይ አይደለም። ዜጋ የሆነ ሰው ባለቤት ነው፤ ተከራይ አይደለም።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ሌላ ዓይነት አስተዋጽኦ ልናገር። ዜግነት የወሰዱ ስደተኞች ለዚህ አገር ያበረከቱት ትልቁ ነገር፣ በእኔ ግምት፣ አገሩ በወረቀት ላይ የጻፈውን ቃል አምነው «እንግዲህ ፈጽሙት» ማለታቸው ነው። እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው ያን ቃል ለምዶት ሊያልፈው ይችላል። በፈተና አጥንቶት፣ እጁን አንስቶ የማለበት ሰው ግን ቶሎ አይረሳውም።

ታሪኩን ትንሽ ላስታውሳችሁ። የመጀመሪያው የዜግነት ሕግ የወጣው በ1790 ነው። ዜጋ መሆን የሚችለው «ነፃ የሆነ ነጭ ሰው» ብቻ ነው ይል ነበር። የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ በ1870፣ አፍሪካ ለተወለዱና ለአፍሪካ ዝርያዎች በሩ ተከፈተ። ሴናተር ቻርልስ ሰምነር «ነጭ» የሚለው ቃል ጭራሽ ከሕጉ ይውጣ ብሎ ሞግቶ ነበር፤ አልተሳካለትም። እስያውያን ውጭ ቀሩ።

ባጋት ሲንግ ቲንድ የሚባል ሕንዳዊ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካን የደንብ ልብስ ለብሶ አገልግሏል። ዜግነቱን ሰጡት፣ መልሰው ነጠቁት። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1923 ፍርድ ቤቱ «አንተ ነጭ አይደለህም፤ ዜጋ ልትሆን አትችልም» ብሎ ወሰነ። ከዚያ ውሳኔ በኋላ ቀድሞ ዜግነት ያገኙ ሌሎች ሕንዳውያንም ተነጠቁ። ቲንድ በመጨረሻ ዜጋ የሆነው በ1936 ነው፤ ለዘማቾች በወጣ ሕግ።

ይበልጥ የምወደው ግን የዳሊፕ ሲንግ ሳውንድን ታሪክ ነው። ፑንጃብ ተወልዶ በ1920 ለትምህርት መጣ። በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በሒሳብ ዶክትሬቱን ያዘ። ሥራው ግን ካሊፎርኒያ፣ ኢምፔሪያል ቫሊ ውስጥ እርሻ ሆነ። በሒሳብ ዶክትሬት ይዞ ታክሲ የነዳ ሰው ታሪኩ ይገባዋል፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥም አንድ ሁለት አይጠፉም። ሳውንድ ዜጋ መሆን አይችልም ነበር። ምን አደረገ? የሕንዳውያን ማኅበር ሊቀመንበር ሆኖ ሕጉ እንዲለወጥ መወትወት ጀመረ። የማኅበር ሊቀመንበርነት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ መዋጮ የመሰብሰብ ጣጣውን ሳስብ ሰውየውን ይበልጥ አከብረዋለሁ። በ1946 ሕጉ ተለወጠ። በ1949 መጨረሻ ዜጋ ሆነ። በ1950 በከተማው ዳኛ ሆኖ ተመረጠ፤ ዜግነቱ ዓመት ስላልሞላው ወንበሩን ከለከሉት። ተስፋ አልቆረጠም። በ1952 እንደገና ተወዳደረ፣ ዳኛ ሆነ። በ1956 ለአሜሪካ ኮንግረስ ተመረጠ። ከእስያውያን የመጀመሪያው እሱ ነበር።

የእኛስ ነገር? በ1924 የወጣው የኮታ ሕግ ለኢትዮጵያ የመደበው በዓመት 100 ሰው ነበር። መቶ ሰው ማለት ዛሬ እዚህ አዳራሽ ካለነው ያነሰ ነው። ያ የኮታ አሠራር የፈረሰው በ1965 ነው። ፕሬዚዳንት ጆንሰን አዲሱን የኢሚግሬሽን ሕግ የፈረመው በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ፣ ከነፃነት ሐውልቱ ሥር ነው። ከሁለት ወር በፊት የፈረመው ደግሞ ጥቁሮች ያለ እንቅፋት እንዲመርጡ የሚያደርገውን ሕግ ነው። ሁለቱ በአጋጣሚ አልተከታተሉም። በዘር መለያየት ነውር ነው የሚለው ሐሳብ ኮንግረስ ውስጥ ያሸነፈው፣ በሰልማና በበርሚንግሃም ጥቁር አሜሪካውያን ተደብድበው፣ ውሻ ተለቆባቸው፣ ሞተውም ጭምር ነው።

ይህን ሆን ብዬ ነው የማነሳው። አንዳንድ ጊዜ ቡና ላይ ተቀምጠን ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የምንናገረው ነገር ያሳፍረኛል። በ1980 በወጣው የስደተኞች ሕግ ከሱዳን ካምፕ የመጣን፣ ከዚያ በኋላ በዲቪ የመጣን፣ በቤተሰብ የመጣን፣ ሁላችንም የገባነው እነሱ ገፍተው በከፈቱት በር ነው። ዛሬ ዜግነትን ስናከብር ይህን ሳንናገር ብናልፍ ውለታ ቢስ እንሆናለን።

ወደ ቅርቡ ልምጣ። ከጋምቤላ ተሰዶ፣ በኬንያ የስደተኞች ካምፕ ዓመታትን አሳልፎ ወደ ሚኒሶታ የመጣ ኦባላ ኦባላ የሚባል ወጣት አለ። በ2019 መጨረሻ ዜጋ ሆነ። ዓመት ሳይሞላው፣ በ2020 ምርጫ፣ ኦስቲን በምትባል የሚኒሶታ ከተማ የምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ። እኛ ብዙዎቻችን ሰርተፊኬቱን ከወሰድን በኋላ መጀመሪያ የምናስበው ፓስፖርትና የአዲስ አበባ ትኬት ነው። አልፈርድም፤ እናትን ማየት የሚያህል ነገር የለም። ግን ይህ ልጅ ሌላም ነገር እንደሚቻል አሳይቶናል።

እዚሁ ዋሽንግተንም እንይ። በ2004 ከተማዋ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አወጣች። የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ ማቅረብ፣ ዋና ዋና ሰነዶችንም መተርጎም አለባቸው የሚል ነው። ከተመረጡት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ይህ ከሰማይ አልወረደም። የተለያዩ ስደተኛ ማኅበረሰቦች ተባብረው፣ ስብሰባ እየገቡ፣ ምክር ቤት ፊት እየቀረቡ ያመጡት ነው። ዛሬ አንዲት እናት ክሊኒክ ገብታ በአማርኛ «እዚህ ጋ ይወጋኛል» ማለት ከቻለች፣ ያን መብት ያመጣላት ሰው ስሙ የትም አልተጻፈም። የቬትናምና የኮሪያ እናቶችም በዚያው ሕግ ተጠቅመዋል።

ኮቪድንም አስታውሱ። የክትባቱን ሳይንስ ካመጡት አንዷ ካታሊን ካሪኮ በ1985 ከሀንጋሪ የመጣች ናት። በ2023 ኖቤል ተሸለመች፤ ይገባታል። በወረርሽኙ ሰሞን ደግሞ የኛ እህቶች ጭንብል ሳይበቃቸው፣ ቤተሰቦቻቸው መግባት የተከለከሉ አሜሪካውያን አዛውንቶችን ይመግቡና ያጥቡ ነበር። ቤት ሲመለሱ ልጆቻቸውን ማቀፍ ፈርተው ምድር ቤት ያደሩ አሉ። ጭብጨባው ለሁለቱም ይሁን።

አሁን ስለ ቃለ መሐላው አንድ ነገር ልበል። በ2023 የበጀት ዓመት ብቻ ከ870 ሺህ በላይ ሰዎች ምለው ዜጋ ሆነዋል። መሐላው ቀላል አይደለም። ለቀድሞ አገር ያላችሁን ታማኝነት ሙሉ በሙሉ ትታችኋል ያሰኛል። የኛ አገር ሕግ ደግሞ ሁለት ዜግነት አይፈቅድም፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1996 የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። የሚተርፈን ቢጫ ካርዱ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያው ነው። ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ለሥራም ያግዛል፤ ድምፅ ግን አያሰጥም። አንዳንድ አባቶች መሐላው ላይ እንባ የሚያንቃቸው ወደው አይደለም። ያ እንባ ለአሜሪካ ያለመታመን ምልክት ነው የሚል ካለ አልገባውም። የሚተወው ነገር ሳይኖረው የማለ ሰውና የሚወደውን ትቶ የማለ ሰው እኩል አይደሉም። የሁለተኛው መሐላ ይከብዳል።

ታዲያ እንዲህ ተከፍሎበት የመጣ ወረቀት ለምን መሳቢያ ውስጥ ይተኛል? ዜጋ ሆናችሁ ለመራጭነት ያልተመዘገባችሁ አላችሁ። የጁሪ ጥሪ፣ ፍርድ ቤት ተቀምጣችሁ ጥፋተኛ ነው አይደለም ብላችሁ እንድትወስኑ የሚጠራው ደብዳቤ፣ በፖስታ ሲመጣ «እንግሊዝኛዬ አይበቃም» ብላችሁ ለማምለጥ የምትጣደፉ አላችሁ። ሥራ እንደሚያስቀር አውቃለሁ፣ የሚከፈለውም የረባ አይደለም። ግን የኛ ልጅ ፍርድ ቤት ቢቆም፣ ከአሥራ ሁለቱ ጁሪዎች መካከል የኛን ኑሮ የሚያውቅ አንድ ሰው እንዲኖር አንፈልግም? የትምህርት ቦርድ ምርጫ ሲሆንም እንዲሁ ነው። የልጆቻችንን ትምህርት ቤት የሚመለከተውን የሚወስነው እሱ ነው፤ ስለ ፕሬዚዳንቱ ግን ሌሊቱን ሙሉ እንከራከራለን።

ግሪን ካርድ ይዛችሁ አምስት ዓመት ያለፋችሁም አትዘግዩ። ፈተናው ከብዷል። ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ወዲህ ያመለከተ ሰው ከ128 ጥያቄዎች 20 ይጠየቃል፤ 12 መመለስ አለበት። ቀድሞ ከ100 ጥያቄዎች አሥር ተጠይቆ ስድስት መመለስ ይበቃ ነበር። ለአዛውንቶቻችን ግን መልካም ዜና አለ፤ ብዙዎቻችሁ ስላላወቃችሁት ነው የምደግመው። ዕድሜያችሁ 50 አልፎ በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖራችሁ፣ ወይም 55 አልፎ 15 ዓመት የኖራችሁ፣ የእንግሊዝኛው ፈተና ይቀርላችኋል። የታሪኩንና የመንግሥት አሠራሩን ጥያቄ በአስተርጓሚ፣ በአማርኛ ትመልሳላችሁ። 65 አልፎ 20 ዓመት ለኖራችሁማ የሚጠናው ጥያቄ 20 ብቻ ነው። «እማማ፣ እንግሊዝኛ ስለማይችሉ አይሆንልዎትም» የሚላችሁን አትስሙ።

በስተግራ፣ ከበሩ አጠገብ ሁለት ጠረጴዛ አለ። አንዱ ጋ ፎርም የሚሞሉ ልጆቻችን ተቀምጠዋል፤ በነፃ ነው፣ ለመንግሥት የሚከፈለው ብቻ ይቀራል። ሌላው ጋ የመራጭ ምዝገባ አለ። ምሳ የሚቀርበው ከዚያ ቀጥሎ ባለው ክፍል ስለሆነ ሳታዩ ማለፍ አትችሉም፤ አስበንበት ነው።

የማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ መከፈቱን በደስታ እገልጻለሁ። ዘንድሮ ቃለ መሐላ የፈጸማችሁ አባሎቻችን፣ በዕድሜ ከሚበልጡት እናታችን ጀምራችሁ ወደ መድረኩ ኑልን። እናንተ ደግሞ ተነሱላቸው።