ስፒትፋየር እየከበደ ሲሄድ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለውን ጥያቄ ይዤ ብቻዬን መጥቻለሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተዋጋው የእንግሊዝ አውሮፕላን፣ ከስፒትፋየር ዓይነቶች መካከል ጠበብ አድርጎ የሚዞረው የትኛው ነው?

አውሮፕላን የሚዞረው ክንፉን አጋድሞ ነው። 60 ዲግሪ ተጋድሞ ከፍታውን ሳይለቅ ሲዞር፣ ክንፉ የክብደቱን እጥፍ ይሸከማል። ስለዚህ ሰፊ ክንፍና ቀላል ሸክም ያለው ያሸንፋል። በዚህ ሒሳብ እ.ኤ.አ. በ1940 እንግሊዝ ሰማይ ላይ የተዋጋው የመጀመሪያው ዓይነት፣ ማርክ 1፣ አንደኛ መውጣት አለበት፤ 2,800 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። ማርክ 9 ከ3,300 አለፈ፣ ማርክ 14 ወደ 3,850 ተጠጋ። ክንፉ ግን ያው 22.5 ካሬ ሜትር ገደማ ነው።

እንግሊዞች ማርክ 14ን ከማርክ 9 ጋር አየር ላይ ሲያስተያዩ ግን ሁለቱ የሚዞሩበት ክብ እኩል ሆኖ ተገኘ። ግማሽ ቶን ገደማ ተጭኖበት! ጠባብ ዙር ፍጥነት ይበላል፤ የተበላውን የሚተካው ሞተር ነው፤ የማርክ 14 ሞተር ግሪፈን ደግሞ ከ2,000 የፈረስ ጉልበት በላይ ነበረው። (እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ያበረራቸው ፋየርፍላይ አውሮፕላኖችም የግሪፈን ሞተር ነበራቸው።) ማርክ 14 ወደ ግራ ሲዞር ወደ ቀኝ ከሚዞርበት ትንሽ እንደሚሻልም ተመዝግቧል። ግሪፈን የሚሽከረከረው ከማርክ 9 ሞተር ከመርሊን በተቃራኒ ስለሆነ፣ መርሊን የለመደ አብራሪ ሲነሳ አፍንጫው ባልጠበቀው በኩል ይጎትተው ነበር።

የቁጥር ሰንጠረዥ የማይነግረን ሌላም ነገር አለ። በ1940 በእንግሊዝ የአውሮፕላን ምርምር ጣቢያ፣ ፋርንበራ፣ ያሉ መሐንዲሶች በተማረከ የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላን በሜሰርሽሚት 109ኢ ላይ ሙከራ አድርገው ነበር። ከፍታ ሳይለቁ ለመዞር ስፒትፋየር 212 ሜትር ራዲየስ ሲበቃው ጀርመኑ 270 ፈለገ። እኔ ግን ከዚህ ልዩነት በላይ የምወደው የክንፉን ጠባይ ነው። የስፒትፋየር ክንፍ ከሥሩ ወደ ጫፉ በትንሹ የተጠመዘዘ ስለሆነ፣ ዙሩ ከልክ በላይ ሲጠብ አየሩ መጀመሪያ የሚላቀቀው ከሥሩ ነው፤ አውሮፕላኑ ይንቀጠቀጣል፣ አብራሪው ግን ገና መሪው በእጁ ነው። በሜሰርሽሚቱ ክንፍ ፊት ላይ ያሉት ተንሸራታች ክፍሎች ሲከፈቱ ደግሞ መሪው እየተነጠቀ ዒላማ ያስቱ ነበር። ድንበሩን አስቀድሞ የሚነግር አውሮፕላን ያለው ሰው እስከ ድንበሩ ለመሄድ ይደፍራል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ሌላው የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላን ፎከ ቩልፍ 190 ይመጣል። በሰኔ 1942 አንድ ጀርመናዊ አብራሪ መንገድ ስቶ ዌልስ ውስጥ ፔምብሪ አረፈ፤ እንግሊዞችም አውሮፕላኑን ከማርክ 5 ጋር ፈተኑት። በዙር ማርክ 5 በለጠ። በፍጥነት፣ በመውጣት፣ በመጥለቅ፣ ከጎን ወደ ጎን በመገልበጥ ግን ጀርመኑ አሸነፈ። የሚፈጥን ሰው መዞር ካልፈለገ ማን ያስገድደዋል? መጥቶ ተኩሶ ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ የብዙ ስፒትፋየሮች ክንፍ ጫፍ ተቆረጠ። አንድ ካሬ ሜትር ገደማ ስፋት ጠፋ፣ ዙሩ በትንሹ ሰፋ፣ መገልበጡ ግን ፈጠነ። ሁሉም የሚያመሰግኑትን ክንፍ ማሳጠር! በዚያ ስብሰባ ላይ ብቀመጥ እኔ እቃወም ነበር፤ አብራሪዎቹ ግን አንድ ድምፅ አልነበራቸውም፣ አንዳንዱ ወደደው፣ አንዳንዱ ጫፉ እንዲመለስለት ፈለገ። በሚቀጥለው ክፍል ስለ መርሊን ሞተር አወራለሁ። ደህና ሰንብቱ።