እማዬ ቀኑን አልሳተችም

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

"ስለ መርሳት በሽታ አስር ደቂቃ ተናገሪ" ተብዬ ነው የቆምኩት። ጽፌ የመጣሁት በቃሌ ልናገር ብል እንባዬ ስለሚቀድመኝ ነው። አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የልጆቼን ክርስትና ደግሻለሁ፣ ልጆቻችሁን ድሬያለሁ፣ ለቅሶ ተቀምጫለሁ። እናቴንም ታውቋታላችሁ። ነጠላዋን አጣፍታ ፊት ወንበር ላይ ትቀመጥ የነበረችው፣ ያገኘችውን ሕፃን ሁሉ "የማን ልጅ ነህ አንተ?" የምትለው እሷ ናት።

ስለ አንድ ቀን ልንገራችሁ።

ቀኑ ማክሰኞ ነው። ጥር 21 ቀን 2011። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 29፣ 2019። እማዬ ከደሴ እዚህ አሜሪካ ከመጣች ሦስተኛ ዓመቷ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ሰኞ ገበያ በርበሬ ነግዳለች። ደብተር አልነበራትም። ማን ስንት ኪሎ እንደወሰደ፣ ማን ስንት ብር እንደቀረበት፣ ሁሉም ጭንቅላቷ ውስጥ ነበር። እዚህ ከመጣች በኋላ ግን መዘንጋት ጀመረች። የጣደችው ድስት ያርርባታል። እግሯን ይደነዝዛታል። ትንሽ ሄዳ ይደክማታል። ወደ ሐኪም ወሰድኳት። የሐኪሙንም የሆስፒታሉንም ስም አልጠራም። ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም። ችግሩ እጁ ላይ ያለው ወረቀት ነው።

ወረቀቱ 30 ነጥብ አለው። በፈረንጆቹ 1975 ላይ አሜሪካ ውስጥ የወጣ፣ እስከ ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት የማስታወስ ችሎታ መፈተኛ ነው። አስተርጓሚው በስልክ ነው፤ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ይጮኻል። እኔ ደግሞ "ቤተሰብ ጣልቃ እንዳይገባ" ተብዬ ጥግ ተቀምጫለሁ።

"እማማ፣ ዘንድሮ ዓመቱ ስንት ነው?"

"2011።"

ሐኪሙ ዜሮ ጻፈ።

"ወሩስ?" ጥር አለች። አስተርጓሚው ጃንዋሪ ብሎ አሳለፈላት። "ቀኑስ ስንት ነው?" "21። አስተርእዮ ማርያም አይደለች እንዴ ዛሬ?" ዜሮ። "ዕለቱስ?" "ማክሰኞ።" ልክ። "ወቅቱስ እማማ?"

"በጋ ነዋ!"

አስተርጓሚው "ሰመር" ብሎ ተረጎመው። ውጭ አጥንት የሚሰብር ብርድ ነው። ሐኪሙ መስኮቱን አየ፣ እሷን አየ፣ ዜሮ ጻፈ። እናንተዬ፣ ጥር በጋ አይደለም? ደሴ ላይ በጥር ሰማዩ ጠርቶ፣ እህል ተወቅቶ ጎተራ ገብቶ፣ ሰርግ በሰርግ አይደለም?

ከዚያ ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነስሽ ቁጠሪ አላት። "የምን ሰባት? ብር ነው ኪሎ?" ብላ ጠየቀች። ለእሷ ቁጥር ብቻውን አይቆምም፤ የሆነ ነገር ቁጥር ነው። ግራ እንደተጋባች ገመተና ወደ ሌላ ጥያቄ ሄደ። በእንግሊዝኛው "ዓለም" የሚለውን ቃል ከኋላ ወደ ፊት ፊደል በፊደል ማለት ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ አምስት ፊደል ስላለው አምስት ነጥብ ይሰጥበታል። ዓለም በእኛ ስንት ፊደል ነው? ሦስት። እማዬ "ም፣ ለ፣ ዓ" አለች። አንዷንም አልሳተችም። ከአምስት ሦስት አገኘች።

በመጨረሻ፣ ከ30ው ነጥብ ውጭ በተጨማሪ፣ ሰዓት ሳይ አላት። "አስራ አንድ ሰዓት ከአስር" ነው የሚባለው። አስተርጓሚው ደግ ሰው ነው፣ እንደለመደው ወደ ሀበሻ ሰዓት ቀየረላት። "አምስት ሰዓት ከአስር" አላት። ክቡን አሳምራ አከበበች። ቁጥሮቹን በየቦታቸው ደረደረች። አጭሩን አምስት ላይ፣ ረጅሙን ሁለት ላይ አሳረፈች። ሐኪሙ ኤክስ አደረገበት። የዚያን ወረቀት ኮፒ ዛሬም ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ እዞራለሁ። የፈለገ ሰው ንግግሬን ስጨርስ መጥቶ ይየው።

ከ30 አስራ ሦስት። "መካከለኛ ደረጃ የደረሰ የመርሳት በሽታ" ተባለ። መድኃኒት ታዘዘ። እኔም አመንኩ። መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። እማዬ ከኋላ ወንበር "ምን ሆንሽ ልጄ? ዓመት በዓል ቀን አይለቀስም" አለችኝ። ቀኑን የሳተው ማን ነበር?

ከስምንት ወር በኋላ ሌላ ሐኪም አገኘን፣ የእኛው ልጅ ነው። በአማርኛ አወራት። ምን እንደምትበላ ጠየቃት። ጾም አትፈታም፤ ሥጋም ወተትም የምትቀምሰው በጣት በሚቆጠሩ ወራት ነው። ለስኳሯ ደግሞ ሜትፎርሚን ለዓመታት ወስዳለች። ቫይታሚን ቢ12 ከሥጋና ከወተት የሚገኝ፣ ሲጎድል መዘንጋትና መደንዘዝ የሚያመጣ ነው፤ ሜትፎርሚንም መጠኑን እንደሚቀንስ ይታወቃል። ደሟን ሲያስመረምር ቢ12ቷ ወለል ነክቷል። መርፌ ጀመረች። የእግሯ መደንዘዝ ቀለለ፣ ጨዋታዋ ተመለሰ። እናንተም "እማማ ዳነች" ብላችሁ እልል ብላችኋል፤ አልረሳሁትም።

እውነቱን ልጨርስላችሁ። ከሦስት ዓመት በኋላ በሽታው በእርግጥ መጣ። ባዶ ጀበና እሳት ላይ ጥዳ አጠገቡ ቁጭ ብላ አገኘኋት። እኔን በሞተችው እህቷ ስም ጠራችኝ። ያኔ ሐኪሞቹ "ከበፊቱ ምን ያህል ወረደች?" ሲሉ፣ መነሻ ተብሎ ፋይሏ ላይ የተቀመጠው ያ 13 ቁጥር ነበር። የእማዬን ጤነኛ ጭንቅላት የመዘገበ ወረቀት በዚህ አገር አልነበረም።

ወገኖቼ፣ ልናገር የመጣሁት ይህንን ነው። የደሴ ነጋዴ፣ የጎንደር ገበሬ፣ የመርካቶ ባለሱቅ በሰባ ዓመታቸው ጤነኛ ሆነው ሲፈተኑ ስንት ያመጣሉ? ማነጻጸሪያው የሚሠራው ጤነኛ ሰዎች ቀርበው ሲለኩ ነው። እኛ አልቀረብንም። ያልቀረበ ሰው በሌላ ሰው ልክ ይለካል።

ይቻላል ደግሞ። በፈረንጆቹ 1992 ላይ ናይጄሪያ ኢባዳን ያሉ የዮሩባ ብሔር አዛውንትንና ኢንዲያናፖሊስ ያሉ ጥቁር አሜሪካውያንን በአንድ ጥናት መከታተል ተጀመረ። ተመራማሪዎቹ ወረቀቱን ብቻ አላመኑም። ቤተሰቡንም ጠየቁ፤ ገበያ ትወጣለች ወይ፣ ገንዘብ ትቆጥራለች ወይ፣ የልጅ ልጆቿን ትለያለች ወይ እያሉ። 2001 ላይ ውጤቱ ወጣ። በዓመት በመርሳት በሽታ አዲስ የሚያዙት ኢባዳን ላይ 1.35 በመቶ፣ ኢንዲያናፖሊስ ላይ 3.24 በመቶ ሆነው ተገኙ። ከእጥፍ በላይ ልዩነት ነው! ምግብ ይሁን፣ ደም ግፊት ይሁን፣ አኗኗር ይሁን፣ ዓለም ይህን ጥያቄ መጠየቅ የቻለው የኢባዳን እናቶች በራቸውን ስለከፈቱ ነው። እኛ ደግሞ ሁለቱንም ኑሮ በአንድ ዕድሜ የኖርን ሰዎች ነን። ግማሽ ዕድሜያችን ሽሮና ጎመን፣ ግማሹ የዚህ አገር ምግብና የሌሊት ሥራ። ከእኛ ምን ሊገኝ እንደሚችል አስቡት።

ስለ መድኃኒቱም ልንገራችሁ። ሌካኔማብ የሚባለው 2023 ላይ እዚህ አሜሪካ ሙሉ ፈቃድ አገኘ። በሽታውን አያድንም፤ ገና በጅምር ያለውን ያዘገያል። የተፈተነው 1,795 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት ነው። ከእነሱ ውስጥ ጥቁሮቹ ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞሉም። አንጎል ውስጥ እብጠትና መድማት ሊያስከትል የሚችል መድኃኒት ነው። ለእናቴ ይስማማል ወይ ብዬ ስጠይቅ ምን ተብዬ ልመለስ?

አሁን የሚያንገበግበኝን ልናገር፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

እዚህ ካለነው ውስጥ ነርሲንግ ሆምና ሆም ኬር የምንሠራ ስንት ነን? እጃችሁን አታውጡ፣ አውቃችኋለሁ፣ አብረን ሺፍት ተቀያይረናል። የማናውቃቸውን አዛውንት ገላ እናጥባለን። ማታ ማታ ጭንቀቱ ሲመጣባቸውና "ቤቴ ውሰጂኝ" ሲሉ እጃቸውን ይዘን እናባብላለን። ይህን በሽታ ከእኛ በላይ በቅርብ ያየው የለም! ጠዋት ቤታችን ስንገባ ግን የገዛ እናታችንን ጓዳ አስገብተን በር እንዘጋለን። እንግዳ ሲመጣ "ተኝታለች" እንላለን። እኔ ብያለሁ። ዓመት ሙሉ ብያለሁ። ለሌላው እናት ያላፈርነውን ለእናታችን የምናፍርበት ምክንያት ምንድን ነው?

"ጃጀች" የምትለዋንም ቃል እዚሁ አዳራሽ ውስጥ እንቅበራት! የልብ ድካም የያዘውን ሰው እንዲህ ብለን እንሰድበዋለን? አንጎልም እንደ ልብ ይታመማል። በሽታን ስድብ አድርገን ስለያዝነው ነው ሰው የማይመረመረው። ያልተመረመረ ደግሞ ወደ ጥናት አይሄድም።

"የፈረንጅ መሞከሪያ ልንሆን?" የምትሉ አላችሁ። ፍርሃቱ ከመሬት የበቀለ አይደለም። በፈረንጆቹ ከ1932 እስከ 1972 ድረስ አላባማ ውስጥ፣ ተስኪጊ ላይ፣ ቂጥኝ የያዛቸውን ጥቁር ገበሬዎች መድኃኒቱ እያለ ሳያክሙ ዝም ብለው ሲያዩዋቸው ኖሩ። ይህን ማንም እንድትረሱ አይጠይቃችሁም። በ1974 ሕግ የወጣው በዚያ በደል ምክንያት ነው። ዛሬ እያንዳንዱን ጥናት አስቀድሞ የሚመረምር ኮሚቴ አለ። ፈቃዳችሁን በጽሑፍ ይጠይቃሉ። ከፈረማችሁ በኋላም በማንኛውም ቀን "ይበቃኛል" ብላችሁ ብትወጡ ሕክምናችሁ አይነካም። በአማርኛ አስረዱኝ በሉ። ያልገባችሁን አትፈርሙ።

ጥናት ሲባል ሁሉም መድኃኒት መሞከር አይደለም። ብዙው በየዓመቱ መጥቶ መጠየቅ፣ ደም መስጠት፣ አንዳንዴ የጭንቅላት ፎቶ መነሳት ነው። ጤነኞችም ያስፈልጋሉ፤ እንዲያውም በብዛት። ከሞት በኋላ አንጎልን ስለመለገስም ይጠየቃል። እሱ ከንስሐ አባታችሁ ወይም ከኢማማችሁ ጋር የምትመክሩበት ነው፤ እምቢ ብትሉም ብዙ ጥናቶች ውስጥ መሳተፍ ትችላላችሁ። አገር ቤትንም አልረሳሁም፤ በዓለም ላይ ይህ በሽታ ካለባቸው ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት ያሉት እንደ እኛ ባሉ ድሃና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። እሱ የራሱ ቀን ይፈልጋል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ያለው እዚሁ አጠገባችን ቤተስዳ ነው። ጆርጅታውንና ባልቲሞር ያለው ጆንስ ሆፕኪንስም ይህንኑ በሽታ ያጠናሉ። በየቀኑ በበራቸው እንነዳለን። ቤተስዳ የሚለውን የመንገድ ምልክት ባየሁ ቁጥር መጻጉዕ ትዝ ይለኛል። በወንጌሉ ቤተ ሳይዳ በምትባለው መጠመቂያ፣ ውሃው አጠገቡ እያለ፣ የሚያወርደው ሰው አጥቶ 38 ዓመት የተኛው።

እኔ 58 ዓመቴ ነው፣ ጤነኛ ነኝ፣ ተመዝግቤያለሁ። የመጀመሪያ ቀጠሮዬ የፊታችን ሐሙስ ጠዋት በእኛ ሦስት ሰዓት ነው። ብቻዬን መሄድ አልችልም። በደንብ የሚያውቀኝ፣ ስለ እኔ የሚጠየቅ አንድ ሰው አብሮኝ እንዲመጣ ይፈልጋሉ። እህቴ ሐሙስ ሥራ ናት።

ማን አብሮኝ ይሄዳል?