ለአምስት ቀን የተሠራ የአትክልት ስፍራ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ወሬ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ሰበታ አካባቢ ግቢ ላላችሁ ነው። ለሥራም ይሁን ለዘመድ ጥየቃ በግንቦት ለንደን የተገኘ ሰው የቼልሲን የአበባ ትርዒት ሳያይ ባይመለስ ጥሩ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1913 ጀምሮ ቦታው እዚያው ቼልሲ ሰፈር ነው። ብቻ ብዙ ሰው አበባውን ለመቅዳት ይቸኩላል፤ እኔ ደግሞ ከዚያ የሚቀዳው ሥራው እንጂ አበባው አይመስለኝም።

ለምን? ያ ሁሉ ውበት በሦስት ሳምንት ገደማ ተሠርቶ ለአምስት ቀን ብቻ የሚታይ ነው። ብዙው ተክል ከነፕላስቲክ ማሰሮው ተቀብሯል፤ ጠጋ ብላችሁ ካያችሁ የማሰሮው አፍ በዛፍ ቅርፊት ተሸፍኗል። አንዱን በማቀዝቀዣ አዘግይተው፣ ሌላውን በመስታወት ቤት አሙቀው ነው እኩል ያፈኩት። ለአምስት ቀን ስለሆነም ቅጠል ከቅጠል እስኪነካካ ያጠጋጉታል። ይህን ሱሉልታ ላይ ብትሞክሩት፣ በሐምሌ አየር አጥቶ ግራጫ ሻጋታ እምቡጡን ሳይፈታ ያበሰብሰዋል። አጋፓንተስን ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ሃይድራንጃን አንድ ሜትር ያህል አራርቁ። የመጀመሪያው ዓመት ባዶ ባዶ ይላል፤ ይበል።

ቱሊፕ ያማራችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፦ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ብርድ ይፈልጋል፤ የእኛ የሌሊት ብርድ ቀን ላይ ስለሚሰበር አይበቃውም። ሽንኩርት መሳይ ሥሩን በወረቀት ከረጢት ፍሪጅ ማቆየት ይቻላል፤ ግን ሙዝና ፖም አጠገቡ አይቀመጥ፣ የሚያወጡት ጋዝ በውስጡ ያለውን አበባ ይገድላል። ያም ሆኖ አንዴ አብቦ ያበቃል። ሩድቤኪያን የመሰሉት አበቦች ጉዳያቸው ከብርሃን ነው፤ ለማበብ ረጅም ቀን ይሻሉ። የለንደን የሰኔ ቀን ከ16 ሰዓት ያልፋል፣ የእኛ 13 እንኳ አይሞላም። ቅጠል ብቻ ይሆኑባችኋል።

ታዲያ ምን ይታይ? ጎንበስ ብላችሁ መሬቱን እዩ። ውኃው ወዴት ይወርዳል? መደቡ ከመንገዱ ስንት ከፍ ብሏል? የድንጋዩ ጠርዝ በምን ተይዟል? ፎቶ አንሱ፤ የተክሉን ስም ከነላቲኑ ጻፉ።

እዚህ ስትመለሱ ጥቁር አፈር ነው የሚጠብቃችሁ፤ በክረምት ውኃ ይተኛበታል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። 30 ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ውኃ ሙሉበት፣ ሲሰርግ እንደገና ሙሉት። ሁለተኛው ውኃ በሰዓት ከሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል በታች ከወረደ፣ ሥሩ ይታፈናል። ያኔ መደቡን 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ፦ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ሬድ አሽ። ጥቁሩ ላይ ጥቂት አሸዋ በትኖ መቀላቀል አይረዳም፣ ያጠነክረዋል እንጂ።

ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ አለ። ማታ ጆንያ ጣል አድርጉ፣ ጠዋት አንሱ።

ትርዒቱ ሲያበቃ ተክል ይሸጣሉ፤ ያጓጓል። ያለ ጤና ማረጋገጫና የማስገቢያ ፈቃድ ግን ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ፤ ከአፈሩ ጋር በሽታም ይገባል። የዱር መልክ ያለው ግቢ ከሆነ የወደዳችሁት፣ ነጭ አበባ የሚያወጣው ቀጋ እዚሁ ደጋ ላይ አለ። አጥር ጥግ ትከሉት፤ መተላለፊያ ዳር ግን አይሆንም፣ እሾሁ ነጠላ ይይዛል።